ከገበያ የገዛሁትን ድንች ባሕር ዳር ጓሮዬ ላይ ብተክለው ያዋጣኛል?

የሽምብጥ ጓሮ (ጠያቂ)፣ መስከረም 26

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሲሆን ከቤቴ ጀርባ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችኝ። ጎመን፣ ቃሪያና ጥቂት ቲማቲም ሳለማባት ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ለወጥ ገዝቼ ጓዳ ውስጥ በፌስታል የረሳሁት ድንች ጎንቁሎ አገኘሁት። የወጣው ነጭ ቡቃያ ከጣቴ ይረዝም ነበር። መጣሉ ስላሳዘነኝ እያንዳንዱን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ዝናቡ ደኅና አድርጎ ከያዘ በኋላ ሰኔ አጋማሽ ላይ ተከልሁት።

በቀለ፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻም ለዓይን የሚያምር ነበር። ነሐሴ ላይ ግን በቅጠሎቹ ጫፍ ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ታየ፤ ማለዳ ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው በጠቆረው ዙሪያ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ነበረበት። በሳምንት ተኩል ውስጥ አገዳው ሁሉ ጠቁሮ ተኛ። ቆፍሬ ሳወጣው ከግማሽ የሚበልጠው ጭቃ ውስጥ በስብሶ ይሸት ስለነበር፣ ለምግብ የዋለልኝ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ዘንድሮ ደግሜ መሞከር እፈልጋለሁ። ውጭ አገር የኖሩ አንድ ዘመዴ፣ የገበያ ድንች እንዳይበቅል መድኃኒት ስለሚነካው ዘር አይሆንም ይሉኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ጥፋቱ የወቅቱ እንጂ የድንቹ አይደለም ባይ ናቸው። የትኛው ነው ትክክል? መቼ ልትከል፣ መሬት ላይ ወይስ በማዳበሪያ ጆንያ? የጓሮዬ አፈር በክረምት የሚጣበቅ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው።


ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፣ መስከረም 27

ጥያቄዎ በዝርዝር የቀረበ ስለሆነ በዝርዝር እመልሳለሁ። በምዕራብ ጎጃም በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ከድንች ገበሬዎች ጋር አሳልፌአለሁና ነገሩ በቅርብ የማውቀው ነው።

ዘመድዎ የተናገሩት በሄዱበት አገር እውነት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች የሚሸጠው ድንች ለወራት ሳይጎነቁል እንዲቆይ ቡቃያ የሚያግድ ኬሚካል የሚነካው ጊዜ ብዙ ነው። እኛ ቅዳሜ ገበያ የምንገዛው ግን ከአዊ፣ ከምዕራብ ጎጃምና ከደቡብ ጎንደር ደጋ ተቆፍሮ፣ አፈሩ እንኳ ሳይራገፍ በጆንያ የሚመጣ ነው። ጓዳዎ ውስጥ መጎንቆሉ ራሱ ምስክር ነው። ስለዚህ የገበያ ድንች ችግሩ አለመብቀሉ ሳይሆን በውስጡ ይዞት የሚመጣው በሽታ ነው።

አምና ነሐሴ ላይ ያዩት ገበሬው ምች የሚለው በሽታ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጣጠሙ በነፋስና በዝናብ ጠብታ ከማሳ ወደ ማሳ ይተላለፋል። ባሕር ዳር ላይ በዓመት ከሚጥለው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ስለሆነ፣ በእነዚያ ወራት የድንች ቅጠል ከሌሊት እስከ እኩለ ቀን ሳይደርቅ ይውላል። የሚቋቋም ዝርያ የያዘና መድኃኒት በየጊዜው የሚረጭ ገበሬ ይወጣዋል፤ ለወጥ በተገዛ ድንች ጓሮ ላይ ለሚሞክር ሰው ግን ክረምቱ አይሆንም። ፍሬው የበሰበሰው ደግሞ በዋልካው ምክንያት ነው፤ ውኃ ሲቆምበት ድንች አየር አጥቶ ይታፈናል።

ስለ ወቅቱ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ ይትከሉ። ድንች ከመሬት በታች ፍሬ የሚቋጥረው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን በደንብ ነው፤ አፈሩ ወደ 30 ሲቃረብ ቅጠሉ ቢያምርም መቋጠሩን ያቆማል። በባሕር ዳር የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ለዚህ አይመችም። በኅዳር መግቢያ የተተከለ ድንች የሚቋጥረው የታኅሣሥና የጥር ሌሊት በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሲሆን፣ ከ90 እስከ 110 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በየካቲት ይቆፈራል። ዝናብ ስለሌለ የምች በሽታም ይቀንሳል፤ የውኃው ነገር ግን በእጅዎ ይወድቃል። የቆጋን የመስኖ ውኃ የሚጠቀሙ የመራዊ አካባቢ ገበሬዎች በበጋ ድንች የሚያመርቱት በዚሁ ስሌት ነው።

አሁን ከምች ይልቅ ወደሚያሳስበኝ በሽታ ልምጣ። ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው አጠውልግ የሚሉት በሽታ አለ። ተክሉ ቅጠሉ ሳይጠቁር፣ ቢጫም ሳይሆን፣ አፈሩም እርጥብ ሆኖ ሳለ ቀትር ላይ በውኃ ጥም እንደተጎዳ ይጠወልጋል፤ ማታ ያገገመ ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ አይነሣም። ይህ ባክቴሪያ በደጋው ብርድ ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንቹ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ጣና ዳር ወደ 1,800 ይጠጋል። ከዚያ ጤነኛ መስሎ የወረደው ድንች እዚህ ሙቀት ሲያገኝ በሽታው ይገለጥበታል። አንዴ መሬት ከገባ ዓመታት ይቆያል፤ የሚያጠቃውም ድንችን ብቻ ሳይሆን ዘመዶቹን ቲማቲምን፣ ቃሪያንና ደበርጃንን ጭምር ነው።

እርስዎ ጓሮዎ ላይ ቃሪያና ቲማቲም ያለማሉ። ስለዚህ የገበያውን ድንች በዚያ መሬት ላይ እንዳይተክሉት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በጆንያ፣ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ይትከሉት። በሽታ ቢኖርበት የሚያጡት አንድ ጆንያ አፈር ይሆናል፤ መሬት ላይ ከሆነ ግን የሚያጡት ጓሮዎን ነው።


ከጉና ሥር፣ መስከረም 27

ወላጆቼ ፋርጣ ውስጥ ድንች አምራች ስለሆኑ ከልምድ ጥቂት ልጨምር። ትልልቁን ድንች መሰንጠቅ ስሕተት አይደለም። እናቴ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሁለት ዓይን እንዲኖረው አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ የተቆረጠውን ፊት አመድ ትነሰንስበትና ጥላ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ታቆየዋለች። ቁስሉ ቆዳ አበጅቶ ሲደርቅ አይበሰብስም። ጠያቂያችን የተሳሳቱት ሰንጥቀው በዚያው ቀን እርጥብ ዋልካ ውስጥ በመቅበራቸው ይመስለኛል። በተረፈ የወቅቱን ምክር እደግፈዋለሁ፤ ክረምቱ ለእኛ ለደገኞቹም በመድኃኒት ነው የሚታለፈው።


ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፣ መስከረም 28

እናትዎ የሚያደርጉት ዘሩ ንጹሕ መሆኑ በሚታወቅበት ቤት ትክክለኛ ሙያ ነው፤ ቁስሉ መድረቅ አለበት ያሉትም እውነት ነው። የገበያ ድንች ግን ከስንት ማሳ እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ከአሥር ፍሬ አንዱ በአጠውልግ የተያዘ ቢሆን፣ እርሱን የቆረጠው ቢላዋ ቀጥሎ የሚቆረጡትን ጤነኞች ይበክላቸዋል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሐሳቤ አይለወጥም፤ የዶሮ እንቁላል የሚያክለውን መርጠው ሳይቆርጡ ሙሉውን ይትከሉ። ትልልቁን ወጥ ይሥሩበት።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ድንች ለናሙና ቆርጠው ቢያዩ መልካም ነው። ከልጣጩ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን የሚሄደው ቀለበት ቡናማ ሆኖ፣ በጣት ጫን ሲሉት ነጣ ያለ ንፍጥ መሳይ ነገር ካንጠባጠበ ከዚያ ጆንያ የገዙትን ሁሉ ለዘር አይጠቀሙበት። ቀለበቱ ንጹሕ መሆኑ ግን ዋስትና እንዳልሆነ ይወቁ።


ዘንዘልማ፣ መስከረም 28

የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ በዶርማችን ጓሮ ሁለት ጊዜ በጆንያ ተክለናል። ስለ አመራረጡና ስለ አተካከሉ የማውቀውን ልጻፍ።

በመጀመሪያ፣ አሁን ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ድንች ይገኛል። አንዱ በዚህ ክረምት የተመረተና ሰሞኑን የተቆፈረ፣ ልጣጩ በአውራ ጣት ሲታሽ የሚላጥ ነው። ይህ ለመብላት ቢጣፍጥም እንቅልፍ ላይ ስለሆነ እስኪጎነቁል ሁለት ወይም ሦስት ወር ይወስዳል፤ ለኅዳር አይደርስልዎትም። የሚፈልጉት ቆየት ያለውን፣ ልጣጩ የጠነከረውንና ዓይኑ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያክል ነጥብ ማውጣት የጀመረውን ነው። ሻጮች እንዲህ ያለውን ወደ ጎን ስለሚያደርጉት በርካሽ ይሰጡዎታል። የተቆረጠ፣ የተበሳ ወይም ከቦታ ቦታ የለሰለሰ አይውሰዱ።

ወደ ቤት ሲወስዱት በፌስታል አይተዉት። አምና ያዩት ረጅም ነጭ ቡቃያ ብርሃን ያጣ ቡቃያ ነው፤ ሲነካ ይሰበራል፤ የድንቹንም ጉልበት ጨርሶታል። በሰፌድ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ አድርገው ዘርግተው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ነገር ግን ብርሃን ያለው በረንዳ ላይ ያስቀምጡት። በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ልጣጩ ይለመልማል፤ ቡቃያው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወፍራምና ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። አንዳንዴ አናቱ ላይ ያለው አንዱ ዓይን ብቻ ቀድሞ ይወጣና ሌሎቹን ያፍናቸዋል፤ እርሱን በጣት ቢቀነጥሱት የቀሩት ይነሣሉ፤ ብዙ አገዳ ማለት ደግሞ ብዙ ፍሬ ማለት ነው። ልጣጩ የለመለመ ድንች ለዘር ደኅና ቢሆንም መርዝነት ስላለው እንዳይበላ ለቤተሰቡ ይንገሩ።

ጆንያው ባለ 50 ኪሎው ነጭ ማዳበሪያ ይሁን። ከታችና ከጎን ግርጌው በጋለ ብረት ከአሥር የማያንሱ ቀዳዳዎች ይብሱለት። አፈሩን ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ዓመት የሞላው የበሰበሰ ፍግና ግማሽ እጅ አሸዋ አድርገው ያደባልቁ። ትኩስ ፍግና ብዙ አመድ ልጣጩን እከክ የያዘው ያስመስሉታል፤ ስለዚህ ይቅሩ። ቀዩ አፈር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች ካልተተከለበት ቦታ መሆን አለበት። የጆንያውን አፍ ወደ ውጭ አጥፈው እስከ ሲሦው ይሙሉት፤ ሁለት ድንች፣ ከዚያ አይብለጥ፣ ቡቃያቸው ወደ ላይ እንዲሆን አስቀምጠው አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ያልብሷቸው።

አገዳው ሃያ ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ የጫፉ ቅጠል ብቻ እስኪቀር አፈር ያስታቅፉት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ይድገሙት። ፍሬው የሚንጠለጠለው ከመሬት በታች ካለው አገዳ በሚወጡ ነጫጭ ጅማቶች ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ካልታቀፈ ፀሐይ ያለመልመዋል፤ በበጋ ደግሞ የድንች እሳት እራት በተጋለጠው ፍሬ ዓይን ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ይሁን እንጂ ጆንያውን እስከ አፉ በሞሉት ቁጥር ምርቱ እየተደራረበ ይሄዳል የሚለውን ወሬ አይመኑ፤ እኛ ሞክረነው ከላይኛው አፈር ያገኘነው ባዶ ሥር ነበር።

ዝርያውን መምረጥ ቢችሉ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጠ፣ ወይም ከአዴት የወጡት ዘንገናና ጓሳ በስም የሚታወቁ ናቸው። አዴት ከባሕር ዳር ሩቅ ባለመሆኑ፣ በዚያ በኩል ዘር የሚያባዙ ገበሬዎችን የሚያውቅ ሰው ካለዎት ጥቂት ኪሎ ማስመጣት ከገበያው ሁሉ የተሻለ ነው።


የአሳ አስጋሪ ልጅ፣ መስከረም 29

በዚሁ አጋጣሚ የእኔንም ጥያቄ ላንሣ። ከሐይቁ ተነቅሎ ዳር ላይ የደረቀ እምቦጭ ብዙ ነው። ጆንያው ላይ እንደ ጉዝጓዝ ባለብሰው፣ ወይም ከአፈሩ ጋር ባደባልቀው እርጥበት ይይዝልኛል?


ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፣ መስከረም 29

እርጥበት ይይዛል፤ ነገር ግን እባክዎ አያንቀሳቅሱት። የእምቦጭ ዘር እጅግ ደቃቅና ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ነው፤ ደርቋል ብለን የምንሸከመው ተክል ዘሩን ይዞ ይጓዛል። ጓሮ ላይ ባይበቅል እንኳ የባሕር ዳር ጎርፍ መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ከጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያሉ ወገኖቻችን በእጃቸው ሲነቅሉት የሚውሉትን አረም እኛ በጆንያ ተሸክመን ልናዛምተው አይገባም። የጤፍ ጭድ ይበቃዎታል፤ አፈሩንም ያቀዘቅዛል።


የሽምብጥ ጓሮ (ጠያቂ)፣ የካቲት 16

ምክራችሁን ተቀብዬ ስለ ነበር ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም። አዴት የሚያደርሰኝ ሰው ስላላገኘሁ ከገበያ የቆዩና እንቁላል የሚያክሉ ስድስት ድንቾች መርጬ፣ ሰፌድ ላይ ለአንድ ወር አቆይቼ፣ ጥቅምት 30 ቀን በሦስት ጆንያ ሁለት ሁለት አድርጌ ተከልሁ። ጆንያዎቹን የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው፣ ከቀትር በኋላ የማንጎ ዛፍ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ አቆምኋቸው። የማጠጣው ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደርቆ ሳገኘው ብቻ ነበር፤ ይህም በየሁለት ቀኑ ሆነልኝ። ምች አላየሁም።

ጥር 4 ቀን ግን በሦስተኛው ጆንያ ካሉት አንዱ ቀትር ላይ አንገቱን ደፋ። በበነጋው ማለዳ ቀና ብሎ ስላየሁት ደስ አለኝ፤ በአራተኛው ቀን ግን አልተነሣም። ስለ አጠውልግ የተጻፈልኝን አስታውሼ፣ እርሱ መሆኑን ለማረጋገጥ አገዳውን ከግርጌው ቆርጬ፣ አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ያለውን ቁራጭ በንጹሕ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልሁት። ውኃው ሳይነካካ ትንሽ ቆየሁ። ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ብርጭቆው ሥር ሲወርድ ዓይኔ እያየ፣ ሌላም ክር ተከተለው። ያን ጆንያ ወዲያው ከሌሎቹ አርቄ በር አጠገብ አኖርሁት።

ትናንት ጤነኞቹን ሁለት ጆንያዎች ገለበጥሁ፤ ከአራቱ ድንቾች ሦስት ኪሎ ከሩብ ተመዘነ። ለዐቢይ ጾም የሚሆን አልጫ ከጓሮዬ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የታመመውን ጆንያ አፈር ምን ላድርገው? ከጤነኞቹስ ትንንሹን ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ላስቀምጠው?


ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፣ የካቲት 16

የብርጭቆው ምልክት የአጠውልግ ነው፤ እንኳንም መሬት ላይ አልተከሉት። የደረቀውን አገዳና ሥር ለብስባሽ አይጠቀሙበት፤ ሙሉ በሙሉ አድርቀው ያቃጥሉት። የቆረጡበትን ቢላዋ በበረኪና ይጠቡት። በዚያ ጆንያ ውስጥ ደኅና የሆነ ፍሬ ካገኙ መብላት ይችላሉ፤ ባክቴሪያው ሰውን አያሳምምም፤ ልጣጩን ግን ጓሮ ላይ አይጣሉት። አፈሩን ከጆንያው አያውጡት፤ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጎመን እየቀያየሩ ይትከሉበት፤ ለዓመታት ቃሪያና ቲማቲም እንዳይነካው። ውኃ ሲጠጣ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ወደ ቃሪያው መደብ እንዳይፈስ ጆንያውን ከጓሮው ዝቅተኛ ወገን ያቁሙት።

ትንንሹን ግን ለዘር አያስቀምጡ። ሁለቱ ጆንያዎች ምልክት ባያሳዩም ከታመመው ጋር ከአንድ ገበያ የመጡ ናቸው፤ በዚያ ላይ በእኛ ሙቀት ክሽክሽ የሚባለው የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት የሚያዛምተው ቫይረስ በዘሩ ውስጥ ከዓመት ወደ ዓመት እየተጠራቀመ ምርቱን ያሳንሰዋል። ሁሉንም ይብሉት። የዘሩን ነገር ከነሐሴ ጀምረን አብረን እናስብበት፤ አዴት አካባቢ ዘር የሚያባዙ የማውቃቸው ገበሬዎች ስላሉ፣ እዚህ ከሚያነቡት ውስጥ ሌሎችም ከፈለጉ በአንድ ጊዜ ማስመጣት ይቻላል።


ከጉና ሥር፣ የካቲት 17

እኔም አምስት ኪሎ እፈልጋለሁ፤ ይመዝገብልኝ። ለወላጆቼ ማሳም ሰሞኑን የብርጭቆውን ፈተና አሳያቸዋለሁ፤ እኛ ቤት ቀትር ላይ የጠወለገ ድንች ሲታይ ውኃ ጠማው እየተባለ ነበር የሚታለፈው።